850 ጎልድ ልግዛ ወይስ ከኬዙ ጋር የሚመጣው ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድማችን። ቤት የሚሆነኝን ኮምፒውተር ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ልገጣጥም ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 12400፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው። ቀን ቀን የሒሳብ ሥራ እሠራበታለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ጌም እጫወታለሁ። ለፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ቀይሮ ለሚያከፋፍለው) ሻጩ ‹850 ዋት ጎልድ ውሰድ፣ መብራት ይቆጥብልሃል› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሣጥን) ጋር 500 ዋት ይመጣል፣ ምን አስጨነቀህ› አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ልታመጣልኝም ትችላለች። ያለኝ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) 650 ቪኤ ነው። መብራት የሚቆጥበው የቱ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ላንተ ኮምፒውተር የሚሆነው ስም ያለው ድርጅት የሠራው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ብሮንዝና ጎልድ የብክነቱን ማነስ የሚናገሩ ደረጃዎች ናቸው፣ ጎልድ ይበልጣል፤ ላንተ ብሮንዝ ይበቃሃል። ጎልዱ በትንሽ ብር ብቻ የሚበልጥ ከሆነ ጎልዱን ውሰድ። ከኬዝ ጋር የሚመጣውን ግን በነጻም ቢሰጡህ በዚህ ግራፊክስ ካርድ ላይ አትሰካው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው ዋት መስጠት የሚችለው ነው፣ የሚበላው አይደለም። 850ው ሁልጊዜ 850 አይስብም። 500ውም 500 አይስብም። ኮምፒውተርህ 50 ዋት ከፈለገ ሁለቱም 50 ዋት ይሰጡታል። የሚለያዩት ያንን 50 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው ስንት እንደሚወስዱ ነው። 220 ቮልቱን ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ሲቀይሩ የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ቆጣሪህ ደግሞ የባከነውንም አይምርም፣ አብሮ ይቆጥራል።

አሁን ያንተን ዕቃ እንደምር። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጆታ 117 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዱ 170 ዋት። ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ዲስኮቹንና ፋኖቹን በጅምላ 50 ዋት እንበላቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥግ ቢደርሱ 337 ዋት ነው። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ ያን ያህል ስለማይጨነቅ 300 ዋት አካባቢ ትሆናለህ። ኤንቪዲያ ራሱ ለ3060 የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው። ከ337 በላይ ያለው ትርፍ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ግራፊክስ ካርድ ለሚሊ ሰከንዶች ከተጻፈለት በላይ ብድግ ይላል፣ ያንን የሚሸከምለት ይፈልጋል።

ይሄ የማታው ነው። ቀን ኤክሴልና ብራውዘር ከፍተህ ስትሠራ ግን ያ ሁሉ ዕቃ 50 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስምንት ሰዓት 50 ዋት ላይ፣ ሁለት ሰዓት 300 ዋት ላይ ነህ ማለት ነው። ሻጩ የነገረህ ስለ ሁለቱ ሰዓት ብቻ ነው። ለ50 ዋት ሥራ 850 ዋት መግዛት ለሁለት ተሳፋሪ አውቶቡስ እንደ ማስነሳት ነው።

ጎልድ፣ ብሮንዝ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? 80 ፕላስ የሚባል በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የምስክር ወረቀት ነው። መጀመሪያ ደረጃ አልነበረውም። በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ላይ ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ የሚያደርስ ፓወር ሰፕላይ አለፈ ይባላል። በ2008 ብሮንዝ፣ ሲልቨርና ጎልድ ተጨመሩ። ፕላቲነምና ታይታኒየም ከዚያ በኋላ መጡ። በ230 ቮልት በሚደረገው የአውሮፓ ፈተና በግማሽ ጭነት ላይ ብሮንዝ 88 በመቶ፣ ጎልድ 92፣ ፕላቲነም 94፣ ታይታኒየም 96 ማድረስ አለበት። ገበያ ላይ የምታያቸው የብዙዎቹ ምልክት ግን የተሰጠው በአሜሪካው 115 ቮልት ተፈትነው ነው። እዚያ ብሮንዝ 85፣ ጎልድ 90 ነው። ያው ዕቃ እኛ ጋ በ220 ሲሠራ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት በመቶ የተሻለ ይሆናል። ይህን ያህል ለኛ ይጠቅመናል።

ልብ በልልኝ፣ ፈተናው የሚጀምረው ከ20 በመቶ ነው። ካነሳናቸው ደረጃዎች ከዚያ በታች የሚፈተነው ታይታኒየም ብቻ ነው፣ እሱም በ10 በመቶ ላይ። የ850 ዋት 20 በመቶ 170 ዋት ነው። ያንተ 50 ዋት የ850ው 6 በመቶ ነው። እዚያ ላይ ጎልድ የሚለው ምልክት ምንም ቃል አልገባልህም። የ550ው ሲሆን 9 በመቶ ነው። እሱም ከ20 በታች ነው፣ እውነት ነው። ግን ፓወር ሰፕላይ ምንም ሳይሠራ ለራሱ የሚበላው ኃይል አለ፣ ትልቅ ሲሆን ይህ ነገር ብዙውን ጊዜ አብሮ ያድጋል። ዝቅተኛ ጭነት ላይ ጥሩ የሆኑ አዳዲስ 850ዎች አሉ። የነሱን ዋጋ ስታይ ግን ቁጠባውን ትረሳዋለህ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ስም የለሹ ፓወር ሰፕላይ 70 በመቶ ያደርሳል እንበል። ለ50 ዋት ሥራ ከግድግዳ 71 ዋት ይወስዳል። ደህና ብሮንዝ በዚያ ዝቅተኛ ጭነት 82 በመቶ ቢያደርስ 61 ዋት ይወስዳል። ጎልዱ 86 ቢሆን 58 ዋት። በዓመት 300 ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 2,400 ሰዓት ነው። ከስም የለሹ ወደ ብሮንዝ ስትሄድ 24 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትቆጥባለህ። ከብሮንዝ ወደ ጎልድ ስትሄድ ግን 7 ብቻ። የማታውን ጌም እንጨምርበት። 300 ዋት ላይ ብሮንዝ በ88 በመቶ 341 ይወስዳል፣ ጎልድ በ92 በመቶ 326። አስራ አምስት ዋት በ600 ሰዓት 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ድምሩ በዓመት 16 ኪሎዋት ሰዓት። ለአንዱ 10 ብር እንኳን ብትከፍል 160 ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለዚህ አካፍለው፣ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ራስህ ታየዋለህ። የመብራት ዋጋችን በደረጃ ስለሆነ፣ ብዙ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ይጨምራል፤ ስለዚህ በራስህ ቢል ላይ ባለው ዋጋ አስላው።

ጎልድን እያጣጣልኩ አይደለም። ጎልድ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ የውስጥ ዕቃውም የተሻለ ነው። የሚሰጡት ዋስትናም ይረዝማል። ሙቀቱ ስለሚያንስ ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አቧራም ያንን ያህል አይስብም። ለዚህ ብለህ ግዛው። የመብራት ሂሳቡ ያስመልሰዋል ብለህ አትግዛው።

አሁን ወደ ኬዙ ፓወር ሰፕላይ። ሱቅ ስትሄድ አገላብጠህ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብ። የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ ትልቁን 500 ትተህ 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ፈልግ። ከሥሩ 16 አምፔር የሚል ካየህ፣ 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ነው። ያ ዕቃ ላንተ 192 ዋት ነው እንጂ 500 አይደለም። የቀረው ቁጥር በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ የተቆለለ ነው፣ ላንተ ግራፊክስ ካርድ አይደርሰውም። ትክክለኛ 550 ላይ ግን 12 ቮልቱ ሥር 45 አምፔር አካባቢ ታገኛለህ፣ ማለትም 540 ዋት። በዚህ አንድ ማባዛት ብቻ ሱቁ ውስጥ ካሉት ግማሹን ትለያለህ። ገመዶቹንም ጠጋ ብለህ እይ። ፕላስቲኩ ላይ የገመዱ ውፍረት ቁጥር በደቃቅ ተጽፏል። 18 ጥሩ ነው። 20 ወይም 22 ከሆነ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል። ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ የሞቀው ሁሉ ደግሞ አንተ የምትከፍልበት ነው።

ምልክቱንም ዝም ብለህ አትመን። 80 ፕላስን አስመስለው የታተሙ ተለጣፊዎች አሉ። የሞዴሉን ሙሉ ስም ጽፈህ በ80 ፕላስ ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ ፈልገው። ሌላም መርማሪ አለ፣ ሲቤኔቲክስ ይባላል፣ መቀመጫው ቆጵሮስ ነው። በ115 እና በ230 ቮልት ለየብቻ ይለካል፣ ድምፁንም ደረጃ ይሰጠዋል። ለኛ የሚጠቅመው የ230ው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከብሮንዞቹ የኮርሴር ሲኤክስ 550፣ ከጎልዶቹ የሲሶኒክ ፎከስ ጂኤክስ 550 አሉ። ስሙ ብቻ ግን አይበቃም። አንድ ድርጅት ርካሽና ውድ ሞዴሎች አሉት፣ አንዳንዴ የሚያሠራውም በተለያዩ ፋብሪካዎች ነው። የሚፈለገው ሞዴሉ ነው።

ስለ ዩፒኤስህ በጥያቄህ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ነው ያነሳኸው፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ የጥሩ ፓወር ሰፕላይ ጥቅም ከቢሉ ይልቅ ዩፒኤሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። 650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ መሸከም የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ነው። በተግባር ከዚያ ብዙ ያነሰ ታገኛለህ፣ የዚህ ዓይነት ባትሪ በፍጥነት ሲሟጠጥ የሚሰጠው ይቀንሳልና። ስለዚህ ከጭነቱ 10 በመቶ ስትቀንስ የምታተርፈው ደቂቃ ከ10 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ሞኒተሩን 25 ዋት ብንለው፣ በስም የለሹ 96 ዋት፣ በብሮንዙ 86 ዋት ትስባለህ። ሥራህን ሴቭ አድርገህ በሰላም ለመዝጋት የምትሮጥባት ደቂቃ የምትገኘው ከዚህ ነው።

ቪኤ (ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ የሚገኘው) እና ዋት ለምን ተለያዩ? ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን የሚስበው በየማዕበሉ ጫፍ ላይ በጥድፊያ ነው። 71 ዋት ለመጠቀም ዩፒኤሱን ከ110 ቪኤ በላይ ሊያሸክመው ይችላል። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባለው አሳሳቡን የሚያስተካክል ክፍል ያለው ግን ለስለስ አድርጎ ይስባል፣ ቪኤውና ዋቱ ይቀራረባሉ። አንዳንድ ሻጮች ይሄ ፒኤፍሲ ቢል ይቀንሳል ይላሉ። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍልህ በኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ቢሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ዩፒኤሱን ነው የሚያግዘው።

ሌላው የመሸጋገሪያዋ ቅጽበት ናት። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ እስኪዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፣ ከ10 በታች። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩን የሚያቆየው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከባድ ጭነት ላይ ሆኖም 16 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይቆያል። ስም የለሹ ላይ ካፓሲተሩ ትንሽ ነው የሚደረገው፣ እዚያ ነው ወጪ የሚቀነሰው። «ዩፒኤስ እያለኝ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል» ብለው ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል። ባትሪውን ቀይረው ቀይረው የሰለቻቸው አሉ። ጥፋቱ ግን ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጌም ላይ 341 ዋት ከወሰድክና ሞኒተሩ ሲደመርበት 366 ይሆናል። ይሄ ለ650ው ዩፒኤስ አፋፍ ላይ ነው። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ማዕበል ደግሞ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው እንጂ እንደ ግድግዳው ለስላሳ አይደለም። አክቲቭ ፒኤፍሲ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች አብዛኞቹ ይቀበሉታል፣ ዩፒኤሱ ጥጉ ላይ ሲደርስ ግን የሚጠፉ አሉ። ከገጠምክ በኋላ ሥራህን ሁሉ ሴቭ አድርገህ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀለው። መጀመሪያ እንዲሁ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀጥሎ ጌም ላይ። ጌም ላይ ከጠፋ ወይም ዩፒኤሱ ከጮኸ፣ ከፍ ያለ ዩፒኤስ ያስፈልግሃል። የጎልድን ትርፍ ብር ለዚያ ብታውለው ይሻላል። ስታቢላይዘር ግን ደርበህ አትሰካ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አይቸገርም፣ ስታቢላይዘሩም ራሱ መብራት ይበላል።

ከአሜሪካ ማስመጣቱ ይቻላል። ሰንጠረዡ ላይ መግቢያው «100-240» ቮልት የሚል ከሆነ እኛ ጋ ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራል። የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው፣ የኛን ሶኬት የሚገባው የኮምፒውተር ገመድ እዚሁ በርካሽ ይገኛል። ከኋላው ቀይ መቀያየሪያ ኖሮት 115 እና 230 የሚል ከሆነ ግን ይቅርብህ። እንዲህ ያለው በአብዛኛው አክቲቭ ፒኤፍሲ የሌለው አሮጌ አሠራር ነው። 115 ላይ እንዳለ የኛ 220 ውስጥ ከሰካኸው በዚያው ይፈነዳል። ዋስትናው ግን ያው አሜሪካ እንደሆነ አስብበት። ቢበላሽ መልሶ መላኩ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አንዳንድ የቻይና ፓወር ሰፕላይ ላይ ተራራ የሚመስል ምልክት ታያለህ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ብቻ ለመጠቀም ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስትሰካው ይፈነዳል ማለት አይደለም። ግን ምልክቱ የሌለውን ብትመርጥ ደስ ይለኛል። አየራችን ስስ ስለሆነ ሙቀትም እንደ ቆላው ቶሎ አይወስድልንም፣ እዚህ ብክነቱ ያነሰ ዕቃ ይጠቅማል የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠውን ቁጠባ ልንገርህ፣ ሳንቲም አያወጣም። ኮምፒውተሩን ከፍተህ ምሳ ሄደህ፣ ስልክ አውርተህ፣ ሱቅ ደርሰህ ስትመለስ በቀን ሦስት ሰዓት ባዶውን ቢቀመጥ፣ 61 ዋት በ900 ሰዓት በዓመት 55 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከብሮንዝ ወደ ጎልድ የምታተርፈውን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ በ10 ደቂቃ እንዲተኛ አድርገው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥም ኢአርፒ የሚል አማራጭ አለ፣ ክፈተው። የአውሮፓ ሕግ የጠፋ ኮምፒውተር የሚወስደውን ኃይል በጣም ትንሽ አድርጎ ይገድባል፣ ያ አማራጭ የተቀመጠው ለዚህ ነው። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰው ደግሞ ማታ ከማከፋፈያው ላይ ያጥፋው።

ያለህ ዕቃ ስንት እንደሚወስድ ለማወቅ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ አለ። ካላገኘህ ቆጣሪህ ራሱ ይለካልሃል። የዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፣ 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ። ፍሪጁን፣ ራውተሩን፣ አምፖሉን፣ ሁሉንም ንቀል። ኮምፒውተሩን ብቻ ተወው፣ እንደ ሁልጊዜው ኤክሴሉን ክፈትለት። ዩፒኤሱንም ለጊዜው ከመሃል አውጣው፣ ባትሪ እየሞላ ከሆነ ቁጥሩን ያዛባብሃል። ከዚያ አስር ደቂቃ ቁም፣ ብልጭታውን ቁጠር። በስድስት አባዛና የአንድ ሰዓቱን ታገኛለህ። እሱን በ1000 አባዝተህ በተጻፈው ቁጥር አካፍል፣ የሚወጣው ዋት ነው። 1000 የተጻፈበት ቆጣሪ በአስር ደቂቃ አስር ጊዜ ብልጭ ካለ 60 ዋት እየወሰድክ ነው። 1600 የተጻፈበት ከሆነ ያው 60 ዋት በአስር ደቂቃ 16 ጊዜ ያበራል። ሞኒተሩን አጥፍተህ ድገመው፣ የኮምፒውተሩን ለብቻው ታየዋለህ።

ሱቅ ስትሄድ ካገኘኸው ሞዴል ላይ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ 12 ቮልቱ ሥር ያለውን አምፔር፣ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ቮልት። ብሩን ከመክፈልህ በፊት ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።